ሦስት የሩጫ መንገድ፣ አንድ ወረቀት፣ አንድ የተላጠ ጉልበት

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው። ሻንጣዬ ላይ ያንጠለጠልኩትን የሩጫ ጫማ ገና ሲያዩ ከመሳቢያ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። በእጅ የተሳለ ካርታ ነው። ሦስት መንገድ አለበት፦ በሰማያዊ የባሕር ዳሩ፣ በቀይ የገደሉ፣ በአረንጓዴ የእርሻው። እንግዳ ሁሉ "የት ልሩጥ?" እያለ ሲያስቸግራቸው ጊዜ ራሳቸው የሳሉት ነው።

መንደሯ ትንሽ ናት፤ በ10 ደቂቃ ትጨርሷታላችሁ። እዚያ በቆየሁባቸው ስምንት ቀናት ሦስቱንም መንገድ ደጋግሜ ሮጥኳቸው። ፍርዴን ቀድሜ ልናገርና ልገላገል፦ ፎቶ ላይ የሚያምረው መንገድ ሲሮጡበት አያምርም።

ሰማያዊው 8 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ነው። አሸዋው ላይ ትወርዳላችሁ፤ 2 ኪሎ ሜትር ላይ ወደ ውሃው የገባ የድንጋይ አፍንጫ ታገኛላችሁ። እሱን ዞራችሁ ሌላ 2 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ትመለሳላችሁ። ሰው ሁሉ የሚመጣው ለዚህ ነው። እኔም ሻንጣዬን ሳልፈታ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደዚያ ነው።

ደረቅ አሸዋ ጉልበት ይበላል። እግራችሁ ሲገፋ አሸዋው ይሸሻል፤ ወደ ፊት ሊወስዳችሁ የሚገባው ኃይል አሸዋ ሲያፈናቅል ያልቃል። በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት፣ አሸዋ ላይ መሮጥ ጠንካራ መሬት ላይ ከመሮጥ 1.6 እጥፍ ኃይል እንደሚፈጅ ለክቷል። እኔ መለኪያ አላስፈለገኝም። ግማሽ ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ቁና ቁና መተንፈስ ጀመርኩ። በማግስቱ ባቴ ደረጃ አልወርድም አለኝ።

ውሃው ገና የለቀቀው እርጥብ አሸዋ ግን ሌላ ነው። ጠንከር ያለ፣ ለጉልበትም የሚራራ። ችግሩ ማጋደሉ ነው፤ በባሕሩ በኩል ያለው እግር ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ ይረግጣል። ስትመለሱ ተራው የሌላው እግር ስለሚሆን ደርሶ መልስ መሆኑ በጀ።

አንድ ቀን ጫማዬን አውልቄም ሞከርኩት። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ማሸነፉን እያሰብኩ ለ10 ደቂቃ ያህል ጀግና ሆኜ ነበር። ከዚያ የተሰበረ ዛጎል ተረከዜን አገኘው። አበበ የሮጠው ከተማ ውስጥ መሆኑ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

ፀሐዩም አለ። ቆብ አድርጌ ነበር፤ የተቃጠልኩት ግን አገጬ ሥር ነው። ደረቅ አሸዋ ካረፈበት የአልትራቫዮሌት ጨረር 15 በመቶ ገደማውን ወደ ላይ ይመልሳል። የባሕር አረፋ ደግሞ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። ቅባቱን ከታችም ተቀቡ።

አሁን ወደ ጉልበቴ ልምጣ። ወረቀቱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ይነግራችኋል እንጂ በስንት ሰዓት መውጣት እንዳለባችሁ አይነግራችሁም። ባሕሩ ግን ይሞላል፣ ይጎድላል፤ በብዙ ዳርቻ በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ። ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ሰኞ ጧት በ1 ሰዓት እግራችሁ ሳይረጥብ ያለፋችሁበት ድንጋይ፣ ዓርብ በዚያው ሰዓት በውሃ ተከቦ ልታገኙት ትችላላችሁ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ሙላቱም ጉድለቱም ይብሳል።

ይህን ሳላውቅ በሦስተኛው ቀን የስልኬን የሩጫ አፕ አምኜ ወጣሁ። አፑ መንገዱን ቀጥ አድርጎ አሳየኝ። ለእሱ ባሕር ማለት የማይንቀሳቀስ ሰማያዊ ቀለም ነው። የወጣሁት ውሃው ጎድሎ ካበቃ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነበር። የድንጋዩን አፍንጫ ሳልፍ ውሃው ሩቅ ነው፤ የተኛ ነው የሚመስለው። ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው። ባሕር ሲሞላ በእኩል ፍጥነት አይሞላም። የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ያዘግማል፤ ሦስተኛውና አራተኛው ሰዓት ላይ ግን ከሚወጣው ከፍታ ግማሽ ያህሉን ይወጣል። መርከበኞች በዚህ ስሌት ይሠራሉ። እኔ ደግሞ ጫፍ ደርሼ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ተዝናንቼ ስመለስ ልክ ሦስተኛው ሰዓት ውስጥ ገባሁ።

አፍንጫው ላይ ስደርስ ማዕበሉ ድንጋዩን ይመታል። ጠብቄ ብቆይ ይብሳል። በድንጋዩ ላይ ተንጠላጥዬ ተሻገርኩ። አረንጓዴው የባሕር አረም እንደ ሳሙና ነው፤ አንዴ ሸርተት አልኩና ጉልበቴ ተላጠ። ቤት ስገባ ባለቤቷ አዩት። አልሳቁም። "ይሄንንማ እዚህ ልጅም ያውቀዋል ብዬ እኮ ነው ያልጻፍኩት" አሉ። የሙላቱና የጉድለቱ የሰዓት ሰንጠረዥ ለካ ማድቤቱ በር ጀርባ ተለጥፎ ኖሯል።

ለሰማያዊው ከ5 3 ሰጥቼዋለሁ። ሰንጠረዡን አይታችሁ፣ ውሃው ወደ ታች እየሄደ ሳለ ከወጣችሁ 4 ይገባዋል።

ቀዩ 11 ኪሎ ሜትር ነው። በገደሉ አናት ለመርከቦች መብራት የሚያሳየው አሮጌ ማማ ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ቁልቁለቱ ደግሞ ጠጠር አለበትና ጥሩ ጥርስ ያለው ጫማ ይፈልጋል። ዕይታው? ቃል የለኝም። ግን እየሮጡ ማየት አይቻልም። ዓይናችሁን ወደ ባሕሩ ከላካችሁ እግራችሁ ድንጋይ ይፈልጋል። እኔ በየኪሎ ሜትሩ እየቆምኩ አየሁት፤ ሰዓቴ ላይ የወጣው ቁጥር የሚያሳፍር ነው፤ አልጽፈውም። ከአፋፉ ራቁ፤ ሣሩ ከላይ ደህና መስሎ ሥሩ ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል። በጧት ውጡ። ቀን መሬቱ ከባሕሩ ፈጥኖ ስለሚሞቅ ከሰዓት በኋላ ከባሕር የሚነፍሰው ነፋስ ይበረታል፤ አንድ ቀን ከሰዓት ሞክሬው እየሮጥኩ ነው የቆምኩት። በመንገዱ ላይ የሚጠጣ ውሃ የለም፤ ወረቀቱም አይልም። ስለዚህ ከ5 4።

አረንጓዴው 6 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከመንደሩ ጀርባ በእርሻዎቹ መሐል ዞሮ ይመለሳል። እስከ አራተኛው ቀን ንቄው ነበር። የሄድኩት ጉልበቴ ሌላውን ስለከለከለኝ ነው። የአፈር መንገድ ነው፤ ለስላሳ፣ ግራና ቀኙ ዝቅ ባለ የድንጋይ ካብ የታጠረ። ካቡ ነፋሱን ይሰብራል። በግ ቀና ብሎ ያያችሁና ወደ ሣሩ ይመለሳል። የባሕሩ ድምፅ አይጠፋም፤ ባሕሩ ግን አይታይም። ከዚያ ካቡ ይቋረጥና ድንገት ሰማያዊው ወለል ይላል፣ ወዲያው ይጋረዳል። እንዲህ ያለ ክፍተት ሦስት አለ። ባሕር ዳር 8 ኪሎ ሜትር ስሮጥ ከሁለተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ባሕሩን ማየት ትቼ ነበር። እዚህ ግን ሦስቱንም ጊዜ አንገቴ ዞረ።

በር ከፍታችሁ ካለፋችሁ መልሳችሁ ዝጉ። አንድ ውሻም አለ፤ ሁለተኛው በር አጠገብ። የመጀመሪያ ቀን እግሬ አውጪኝ ልል ስል አንድ ገበሬ ከሩቅ በእጁ "ቁም" አለኝ። ቆምኩ፤ ቀስ ብዬ ተራመድኩ። ውሻው ፍላጎቱ ጠፋ። የሚሮጥ ነገር ነው የሚያባርረው። ከዚያ ወዲያ እዚያች ቦታ ላይ 50 ሜትር በእግሬ እሄድ ነበር። ከ5 5፣ ከነውሻው።

ጫማችሁን በየምሽቱ በንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ ጨውና አሸዋ ስፌቱን ይበላሉ። ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ላይ አድርቁት።

በመጨረሻው ጧት የአንድ ሩጫ ጊዜ ብቻ ነበረኝ፤ አረንጓዴውን መረጥኩ። ሦስተኛው ክፍተት ላይ ስደርስ ታች የድንጋዩ አፍንጫ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ነው። በመንደሩ በኩል ቀይ ቲሸርት የለበሰ ሯጭ ፊቱ ቆሞ ስልኩን ያያል። ቀና ይላል፣ ባሕሩን ያያል፣ እንደገና ስልኩን ያያል። አፏጨሁለት፤ ነፋሱ ወሰደው። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ዞሮ ተመለሰ።