አባቴን በእግሩ ላቆመልን ወንድማችን

አዳማ ያላችሁ፣ ስትሮክ የመታው ሰው ቤታችሁ ካለ ይቺን አንብቡልኝ።

አባቴን ጥር ላይ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ቀስ እያለ ይሻለዋል ብለን ቤት አስቀመጥነው፣ ዘመዱ ሁሉ ሶደሬ ፍልውሃ ውሰዱት ይላል፣ እኛም ዛሬ ነገ ስንል ሁለት ወር አለፈ። ከአልጋ ስናነሳው በታመመው እጁ ነበር የምንጎትተው። ስህተት መሆኑን የነገረን ይህ ወንድማችን ነው፣ ፊዚዮቴራፒስት ነው፣ ሰውነትን በማንቀሳቀስ የሚያክም ባለሙያ። ጡንቻው ስለዛለ ትከሻው በቀላሉ ሊወልቅ ይችላል። ከዚያ በፊት ማንም አልነገረንም፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

የሚሠራበት ክሊኒክ ድሮ የአንድ ደጃዝማች መኖሪያ ነበር። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ ገባበት ይላሉ የሰፈሩ ሽማግሌዎች። ግንቡ ወፍራም ነው፣ ጣሪያው ሩቅ፣ ያ የአዳማ ሙቀት በር ላይ ይቀራል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በረንዳው ነው። ወገብ ላይ የሚደርስ የእንጨት መደገፊያ አለው፣ ወንድማችን አባቴን እሱን አስይዞ ነው መራመድ ያስጀመረው። የመጀመሪያ ቀን ሦስት እርምጃ። ዛሬ ከጫፍ ጫፍ ይሄዳል፣ ሃያ ሁለት እርምጃ ነው፣ አባቴ ራሱ ነው የቆጠረው። ከፊት ያለው የድንጋይ ደረጃም ሥራ አለው፦ «አባባ፣ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው።» አሁን ቤታችን ውስጥ ሁላችንም በቃላችን እንለዋለን።

አባቴ ሐረር ነው ያደገው። አንድ ቀን በረንዳው ላይ አረፍ ብሎ ስለ ራስ ተፈሪ ቤት አነሳ፣ ያ ባለ ጥርብ እንጨቱ፣ አሁን የሸሪፍ ሙዚየም ያለበት። ሙዚየም ከመሆኑ በፊት የባህል ሐኪም በሽተኛ ይቀበልበት ነበር አለን። «የመኳንንት ቤት ለበሽተኛ ሲሆን ደስ ይላል» አለ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ። ከታመመ ወዲህ ያን ያህል ሲያወራ የመጀመሪያው ነበር። ወንድማችን አላቋረጠውም፣ ሌላ ሰው እየጠበቀው ቁጭ ብሎ ጨርሶ ሰማው። እኔ እዚያ ጋ ነው ያለቀስኩት።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። እናትህም ትባረክ።

ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አድራሻውን እሰጣለሁ። ብቻ እንደኛ ሁለት ወር አትጠብቁ፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው ብዙ ለውጥ የሚታይባቸው። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ወረፋው ይበዛል። ዊልቸር ካላችሁ በጓሮ በር ግቡ፣ እዚያ ደረጃ የለም። ደግሞ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ አድርጉለት፣ በነጠላ ጫማ የመጣ ሰው አያስኬድም።