ሪሲቨሬና ያበጠችው ካፓሲተር

ይህን ሪሲቨር ከገዛሁ 14 ወር ሆነኝ። ስለ መጀመሪያዎቹ 11 ወራት የምለው የለኝም፤ ይከፈታል፣ ያሳያል፣ ይዘጋል። ከዚያ አንድ ምሽት ስከፍተው ፊቱ ላይ «ቡት» (ገና እየተነሣ ነው ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ደርቆ ቀረ። ነቅዬ ስሰካው አንዳንዴ ይነሣል፤ ደቂቃ ሳይቆይ ግን ተመልሶ ይወድቃል።

የሸጠልኝ ሰው ስደውልለት ዕቃውን ሳያይ «ሶፍትዌር ነው፤ አዲሱን ጫንበትና ይተውሃል» አለ። እኔም ሞኙ አመንኩት። ፍላሹን ፋት 32 በሚባለው የፋይል አደራደር ፎርማት አድርጌ ፋይሉን ገለበጥኩና መጫን ጀመርኩ። ቁጥሩ 63 በመቶ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ፤ የቤቱ አይደለም፣ የሪሲቨሩ። ከዚያ በኋላ «ቡት» እንኳን ናፈቀኝ፤ የቀረው ቀይ መብራት ብቻ ነበር።

በግማሽ ተጽፎ የቆመ ሶፍትዌር ብዙውን ጊዜ በፍላሽ አይመለስም። ስለዚህ ሪሲቨሩን ጠረጴዛዬ ላይ አምጥቼ ከኋላው ባለው አርኤስ 232 በሚባለው የመረጃ ማስተላለፊያ ቀዳዳ ከኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። ፍጥነቱን በሴኮንድ 115200 ቢት ላይ አድርጌ፣ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ መጫኑን አስጀምሬ፣ ቀጥሎ ሪሲቨሩን አበራሁ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አይሆንም፤ ሪሲቨሩ ትእዛዝ መምጣቱን የሚያዳምጠው በተከፈተባቸው የመጀመሪያ ቅጽበቶች ነው። (ስማቸው አንድ፣ ውስጣቸው ሌላ የሆኑ ሪሲቨሮች ስላሉ ፋይል ሲመረጥ የሃርድዌር ቁጥሩም መመሳከር አለበት።) ተነሣ! ጠረጴዛዬ ላይ ሰዓታት ያለ እንከን ሠራ። ወስጄ የዲሹን ገመድ ስሰካበት ደግሞ ያው «ቡት»።

ያኔ ነቃሁ። ኤልኤንቢው (ዲሹ ላይ ሲግናል የሚቀበለው ዕቃ) ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በዚያው ገመድ ከሪሲቨሩ ነው፤ እንደ ቻናሉ 13 ወይም 18 ቮልት። ገመዱ ሲነቀል የሚነሣ፣ ሲሰካ የሚወድቅ ሪሲቨር አቅም ያነሰው እንጂ ሶፍትዌር የጎደለው አይደለም።

አራት ብሎን ፈትቼ ክዳኑን አነሣሁ። የኤሌክትሪክ መግቢያው አጠገብ ያለው ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ ነው) ሪሲቨሩ ከተነቀለም በኋላ ከ300 ቮልት በላይ ሊይዝ ስለሚችል በቴስተር ሳልለካ እጄን አላስገባሁም። ከሚግለው የሙቀት ማስወገጃ ብረት ሥር ባለ 1000 ማይክሮፋራድ፣ ባለ 10 ቮልት ካፓሲተር አናቷ አብጦ፣ ቡናማ ፈሳሽ ደርቆባት ተወሽቃለች። 5 ቮልት ሊሆን የሚገባው መስመር 4.2 ያነባል። በባለ 16 ቮልት ተካኋት፤ ማይክሮፋራዱ ያው ነው፣ ቮልቱ ከፍ ቢል አይጎዳም፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቯን መገልበጥ ግን ያፈነዳታል።

አንተ የሸጥክልኝ፣ «ዕድሜው ነው» ልትለኝ ነው? የምን ዕድሜ! ሙቀት የምትፈራ ዕቃ ከጋለ ብረት ጋር ያጣበቀ ሰው ነው ያስረጃት። «አዲስ ሞዴል ገብቷል» ካልከኝም መጀመሪያ ክዳኑን ክፈትልኝና ካፓሲተሩ የት እንደተቀመጠ ልየው።

ከሦስት ወር በፊት ብትጠይቁኝ ገዝቼ ተቆጨሁ እል ነበር። አሁን በገዛ እጄ ስላስነሣሁት ነው መሰለኝ፣ በሌላ አልለውጠውም። መበየጃ ጨብጦ ለማያውቅ ሰው ግን ግዛው አልልም። ክዳኑንም በአንድ ብሎን ብቻ ነው ያሰርኩት፤ ሦስቱ መሳቢያ ውስጥ ናቸው።