በእጅ የሚዞረው ሬዲዮ፦ ስምንት ወር በሦስት ልጆች ቤት

ሬዲዮውን የገዛሁት ባለፈው ግንቦት፣ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ነው። ለራሴ አልነበረም። አዘዞ፣ ከእኛ ግቢ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ሦስት ልጆች ብቻቸውን ይኖራሉ። አባታቸው ቀደም ብሎ፣ እናታቸው ደግሞ አምና አርፈዋል። ቤቱን የምታስተዳድረው የ16 ዓመቷ ታላቅ እህት ናት፤ ቀን ለሰው እንጀራ ትጋግራለች፣ ማታ ትማራለች። ትንሹ ገና ሰባት ዓመቱ ነው።

የእናታቸው ሬዲዮ ነበረቻቸው። ግን ድንጋይ ትበላለች፤ መግዣው ሲጠፋ መደርደሪያ ላይ ቀረች። ለዚህ ነው እጀታ ያለውን የመረጥኩት። በእጅ የሚዞር ሬዲዮን ያሰበው ትሬቨር ቤይሊስ የተባለ እንግሊዛዊም የተነሣው ከዚሁ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በአፍሪካ ስለ ኤድስ የሚናገር የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲያይ፣ ትምህርቱን በሬዲዮ ማዳረስ እየተቻለ የመብራት አለመኖርና የድንጋይ ውድነት እንቅፋት መሆናቸውን ተረዳ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ላይፍላይን የተባለው በእጅና በፀሐይ የሚሠራ ሬዲዮ ደግሞ በሩዋንዳ ያለ አዋቂ ቤት ለሚመሩ ወላጅ አልባ ልጆች ተሰጥቷል። የእኔው እሱ አይደለም፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

አንድ ደቂቃ ሲያዞሩት፣ ድምፁን መካከለኛ አድርገው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይሰሙበታል። አናቱ ላይ ያለችው ሶላር በጋ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ከመታት ለምሽቱ ትበቃለች። ክረምት ላይ ግን አትተማመኑባት፤ ሐምሌንና ነሐሴን የገፋነው በእጅ ብቻ ነው። ኤፍኤም ጥርት ብሎ ይገባል። አጭር ሞገዱም ማታ ማታ የዶይቸ ቬለን አማርኛ ይይዛል፣ አንቴናውን ወደ መስኮቱ ካዘነበሉት።

ትልቁን ጥቅሙን ግን ስገዛው አላሰብኩትም ነበር፤ ሰዓት ነው። ቤቱ ውስጥ ሰዓት የለም፣ ታላቂቱም ስልኳን ይዛ በሌሊት ትወጣለች። መካከለኛዋ ወይ ገና ሳይነጋ ተነሥታ የትምህርት ቤቱ በር ላይ በብርድ ትንቀጠቀጣለች፣ ወይ ሰልፉ ካለቀ በኋላ ትደርሳለች። አሁን የጠዋቱ የ1 ሰዓት ዜና ሲጀምር ትንሹን ታጥባለች፣ ዜናው ሲያልቅ እጁን ይዛ ትወጣለች። ከመስከረም ወዲህ አንድም ቀን አላረፈዱም።

ሁለተኛው ማታው ነው። እህታቸው ከትምህርት እስክትመለስ ሁለቱ ታናናሾች እኛ ደጃፍ ላይ ተቃቅፈው ይቀመጡ ነበር፤ ግቡ ብንላቸውም ያፍራሉ። አሁን በራቸውን ቀርቅረው ሬዲዮ ይሰማሉ። መካከለኛዋን «አትፈሩም?» ብዬ ጠየቅኋት። «እትዬ፣ ሰው ሲያወራ ሌባ አይመጣም» አለችኝ። እጀታውን ለማዞር ይጣሉ ስለነበር ታላቂቱ ተራ አውጥታላቸዋለች።

ጥቅምት ላይ ትንሹን ትኩሳት ያዘው። ታላቂቱ እንደ ድሮው ቢሆን ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ትጠብቅ ነበር። ወባ በሚበዛበት በዚያ ወቅት ግን ትኩሳት ያለበት ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲመረመር ሬዲዮው ደጋግሞ ሲናገር ሰምታለች፤ በዕለቱ አዝላ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ወባ ነበር። ሌላ ማን ይነግራት ነበር? እኔ እንኳ መታመሙን የሰማሁት መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ ነው።

ሬዲዮ ግን ተጠይቆ አይመልስም። ታላቂቱ የወር አበባን የሚመለከት ዝግጅት ሰምታ ግራ የገባትን ይዛ የመጣችው ወደ እኔ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ ለልጆች የሚሰጥ ሰው ሰጥቶ ዞር አይበል፣ ሳምንት ሳምንት ብቅ ይበል። ሌላም ምክንያት አለው። ኅዳር ላይ አንድ ዘመዳቸው «ለልጅ ምን ያደርጋል» ብሎ ሬዲዮውን ወስዶት ነበር። ልጆቹ አፍረው ዝም አሉ። ጎረቤት ይዤ ሄጄ አስመለስኩት። አንዳንድ ሰዎች አዋቂ የሌለበት ቤት ያለ ዕቃ ባለቤት የሌለው ይመስላቸዋል፤ ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ወደ ዕቃው ልመለስ። አንቴናው በሦስተኛው ወር ከሥሩ ተሰበረ፣ ጠጋኝ በየደው። ስልክ ቻርጅ ያደርጋል የተባለው ተስፋ አይጣልበትም፤ ግማሽ ሰዓት አዙረን ለአንድ አጭር ጥሪ እንኳ አልበቃም። የጎኑ መብራት ለማጥናት ይበቃል። ዋናው ጉድለቱ እጀታው ነው። የውስጡ ጥርስ ፕላስቲክ በመሆኑ ተበልቶ፣ ከታኅሣሥ ወዲህ እየዘለለ ይዞራል። የምትገዙ ካላችሁ ሻጩ ፊት ቢያንስ 50 ጊዜ አዙሩት፤ የሚንቋቋ ከሆነ ተዉት። ዋጋው ለእኔ የሁለት ሳምንት አስቤዛ ነበር፣ ዛሬም ቢሆን እገዛዋለሁ።

አሁን በጋ ስለሆነ ሶላሯ ይዛቸዋለች። እስከ ሰኔ ግን ጥርሱ መቀየር አለበት። አራዳም ሆነ ፒያሳ አካባቢ ይህን የሚሠራ ባለሙያ የምታውቁ ንገሩኝ።