ከ165ቱ ይልቅ 48ቱን ጠይቁ፦ ሞኒተሬ ከወራት አገልግሎት በኋላ

የጌም ሞኒተር ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሄርዝ ነው?» ብሎ ነው፤ ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስሉን ያድሳል ማለቱ ነው። ሻጩም ቁጥሩን ቶሎ ይጠራል። 144፣ 165፣ 180። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውም እሱ ነው። እኔ ይህን ሞኒተር ከግንቦት ጀምሮ እየተጠቀምኩበት ነው። ክረምቱ አልፎ አሁን ጅማ ላይ የቡና ለቀማ ገብቷል። እስካሁን ካየሁት ተነስቼ ሰው ሲጠይቀኝ የምነግረው ትልቁን ቁጥር ሳይሆን ትንሹን ነው።

ዕቃው ባለ 24 ኢንች፣ ጎበጥ ያለ ስክሪን ነው። ጥራቱ 1920 በ1080፣ ፓነሉ ቪኤ የሚባለው ዓይነት፣ ጣሪያው 165 ሄርዝ። የስክሪኑን ፍጥነት ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚያስማማው ፍሪሲንክ አለው፤ የሚሠራውም ከ48 እስከ 165 ሄርዝ ባለው ክልል ውስጥ ነው። የኩባንያውን ስም አልጠራም። እንዲህ ያለ ፓነል በብዙ ስም ስለሚሸጥ የምነግራችሁ ነገር ለአብዛኞቹ ይሠራል። ዋጋውንም አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። ኮምፒውተሬ ላይ ያለው፣ የጌሙን ምስል የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ነው።

የካርዱን ነገር ልብ በሉልኝ። እዚህ ከተማ ብዙዎቻችን የምንጫወተው እንዲህ ባለ ካርድ ነው። ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ይመጣል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል፣ እስኪሞት ድረስ ይሠራል። እንዲህ ያለ ካርድ ከባድ ጌም ላይ በሰከንድ 165 ፍሬም፣ ማለትም 165 ምስል አያወጣም። ባዶ መንገድ ላይ 80 ይሰጣችሁና ጭስና ፍንዳታ ሲመጣ 50 ይገባል። ዓይን የሚያደክመው ደግሞ ፍሬሙ ማነሱ ብቻ አይደለም፤ መዋዠቁ ነው።

ለምን? ስክሪን ምስሉን ከላይ ወደ ታች እየሳለ ነው የሚወርደው። ባለ 60 ሄርዝ ስክሪን ይህን በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ይደግመዋል። ካርዱ መሀል ላይ አዲስ ፍሬም ካቀበለው፣ የላይኛው ክፍል የድሮው ምስል፣ የታችኛው የአዲሱ ይሆናል። ምስሉ ይቀደዳል። ጌሙ ውስጥ ቶሎ ስትዞሩ የበር ጠርዝ ወይም የመብራት ምሰሶ ወገቡ ላይ ተቆርጦ፣ ታችኛው ግማሽ ወደ ጎን ሸሽቶ ታዩታላችሁ። የድሮው መፍትሔ ቪሲንክ ነው። ቪሲንክ ካርዱን «ስክሪኑ እስኪጨርስ ጠብቅ» ይለዋል። መቀደዱ ይቀራል። ግን ካርዱ ከ16.7 ሚሊሰከንድ ትንሽ እንኳ ካዘገየ ፍሬሙ እስከሚቀጥለው ዙር፣ እስከ 33.3 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል። ካርዱ 55 ማውጣት እየቻለ እናንተ የምታዩት ብዙ ጊዜ 30 ነው። ገታ ገታ የሚለው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ማውሱ ይከብዳል።

ፍሪሲንክ የቆመበት ዘዴ፣ አዳፕቲቭ ሲንክ፣ ነገሩን ይገለብጠዋል። ካርዱ ስክሪኑን መጠበቁ ቀርቶ ስክሪኑ ካርዱን ይጠብቃል። ጅማ መናኸሪያ የአጋሮ ሚኒባስ የሚወጣው ሰዓት ቆጥሮ አይደለም፤ ሲሞላ ነው። ሞኒተሩም እንደዚያው፣ ፍሬሙ ሲያልቅ ያን ጊዜ ይስለዋል። ካርዱ 71 ካወጣ ስክሪኑ 71 ሄርዝ ይሆናል፣ 63 ካወጣ 63።

ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው፤ ሳይበርፐንክ 2077 ላይ በደንብ አየሁት። ሴቲንጉን መካከለኛ ላይ አድርጌ በ50 እና በ70 መካከል እየዋዠቀ ይሄዳል። በድሮው ባለ 60 ሄርዝ ሞኒተሬ ይኸው ጌም በዚሁ ካርድ፣ መኪና ውስጥ ሆኜ ስታጠፍ ወይ ይቀደዳል ወይ ይገታል። አሁን ፍሬሙ ሲወርድ ቁጥሩን ካላየሁ አላውቀውም። ካርድ ሳልቀይር ካርድ የቀየርኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

165ቱስ? ቀላል ጌም ላይ አለ፤ ደስም ይላል። ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ ሴቲንጉን ዝቅ አድርጌ ስጫወት በ6 ሚሊሰከንድ አንዴ አዲስ ምስል ይመጣል። ሰው ከግድግዳ ጀርባ ብቅ ሲል ቀድሜ የማየው ይመስለኛል፣ ማውሱም እጄ ላይ ይቀላል። ቀን ቀን ለሥራ ረጅም ጽሑፍ ወደ ላይና ወደ ታች ሳንሸራትት እንኳ ፊደሉ አይደበዝዝም። ግን ኤልደን ሪንግን ለሚወድ ሰው ይህ ቁጥር ምንም አይጨምርለትም፤ ጌሙ ራሱ በኮምፒውተር 60 ላይ ተገድቧል።

አሁን ወደ ትንሹ ቁጥር ልምጣ። ክልሉ ከ48 ይጀምራል ብያለሁ። ካርዱ 40 ቢያወጣስ? ሞኒተሩ እንዲያ ዝቅ ብሎ መሥራት አይችልም። ስለዚህ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ እያንዳንዱን ፍሬም ሁለት ሁለት ጊዜ ይልከዋል፤ ስክሪኑ በ80 ሄርዝ ይሠራል፣ ዓይናችሁም መቀደድ አያይም። ይህ እንዲሆን ግን የክልሉ ጣሪያ ቢያንስ የወለሉ እጥፍ መሆን አለበት። የእኔ 165 ከ48 ሦስት እጥፍ ያልፋል። ገበያ ላይ የሞሉት ባለ 75 ሄርዝ ሞኒተሮችም «ፍሪሲንክ» የሚል ተለጥፎባቸዋል፤ የብዙዎቹ ክልል ግን ከ48 እስከ 75 ነው። 48ን በሁለት ብታባዙት 96 ነው፣ ከ75 ያልፋል። ስለዚህ ካርዳችሁ ከ48 በታች በወረደ ቁጥር መቀደዱ ወይም መገታቱ ይመለሳል። ደካማ ካርድ ያለው ሰው ደግሞ እርዳታ የሚፈልገው እዚያው ላይ ነው። ባለ 144ን ወይም ባለ 165ን ለደካማ ካርድም የምመክረው ለዚህ ነው። ጣሪያው ላይ ባትደርሱ እንኳ ከታች ያድናችኋል።

የኬብሉን ነገር ሳትሰሙ አትግዙ። የእኔን ዓይነት ካርድ የሚሠራው ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2013 የራሱን ተመሳሳይ ዘዴ፣ ጂሲንክን፣ ሲያስተዋውቅ ሞኒተሩ ውስጥ የራሱ የኤንቪዲያ ሰሌዳ መኖር ነበረበት፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ውድ ነበር። በ2014 ቬሳ የተባለው የስክሪን ደረጃ አውጪ ማኅበር አዳፕቲቭ ሲንክን ዲስፕሌይፖርት 1.2ኤ የሚባለው የስክሪን መሰኪያ ደረጃ አካል አደረገው። ሌላው ካርድ ሠሪ ኤኤምዲም ፍሪሲንክን በዚሁ ላይ ሠራ። በጥር 2019 ኤንቪዲያ በድራይቨሩ በኩል እነዚህን ሞኒተሮች ተቀበለ፤ ከጂቲኤክስ 10 ትውልድ ጀምሮ ያሉ ካርዶች ፍሪሲንክ ሞኒተር ላይ መሥራት ጀመሩ። የእኔ ርካሽ ሞኒተርና የእኔ ካርድ የተግባቡት በዚህ ነው። የሚግባቡት ግን በዲስፕሌይፖርት ነው። ከሞኒተሩ ጋር የመጣው ደግሞ ኤችዲኤምአይ ኬብል ብቻ ነበር። ሄርማታ አካባቢ ሱቆቹን ዞርኩ፤ ኤችዲኤምአይ እንደ ልብ ነው፣ ዲስፕሌይፖርት ግን ጠፋ። በመጨረሻ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ጓደኛዬ ይዞልኝ መጣ። ካርዳችሁ ኤኤምዲ ከሆነ ፍሪሲንክ በኤችዲኤምአይም ሊሠራ ስለሚችል ይህ ጣጣ ላይገጥማችሁ ይችላል።

ከተሰካ በኋላ ዊንዶውስ ውስጥ ገብታችሁ ፍጥነቱን ራሳችሁ ምረጡ፤ ብዙ ጊዜ 60 ላይ ነው የምታገኙት። እኔ በኤንቪዲያ ሴቲንግ ጂሲንክን አብርቼ፣ ቪሲንክንም እዚያው አብርቼ፣ ፍሬሙን 157 ላይ ገድቤዋለሁ። ከጣሪያው በጥቂቱ ዝቅ ካላለ 165 ላይ ሲደርስ የድሮው ቪሲንክ ይመጣና ማውሱ ይከብዳል።

አሁን የሚያስከፋኝን ልንገራችሁ። ቪኤ ፓነል ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ማታ መብራት አጥፍቶ ለመጫወት የሚያስደስት። ግን ፍጥነቱ በተለወጠ ቁጥር ብርሃኑም በጥቂቱ ይለወጣል። ጌም ሲጭን፣ ፍሬሙ 140 ወጥቶ ወዲያው 20 ሲገባ፣ ግራጫው ስክሪን ይርገበገባል። ከባድ ጌም ላይ ፍሬሙ 48 ጋር ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። 49 ሲሆን ስክሪኑ 49 ሄርዝ ነው፤ 47 ሲሆን ፍሬሙ ይደገምና 94 ይሆናል። ጨለማ ዋሻ ውስጥ ይህ ወዲያና ወዲህ ሲል ግድግዳው የሚተነፍስ ይመስላል። ጉዳዩ የፓነሉ ባሕርይ ስለሆነ ጥገና አያድነውም። ያገኘሁት መላ ጥላና ጭስ የሚባሉትን ሴቲንጎች ቀንሶ ፍሬሙ ከ55 እንዳይወርድ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ይጠፋል ማለት ይቻላል። ዓይኑ ለዚህ ስስ የሆነ ሰው ግን ከመነሻው አይፒኤስ የሚባለውን የፓነል ዓይነት ይግዛ። ጥቁሩ ግራጫ ቢመስልም መርገብገቡ በጣም ያነሰ ነው።

ሌላው ጅራቱ ነው። ጥቁር ነገር ጥቁር ነገር ላይ ሲንቀሳቀስ ኋላው ላይ ጥላ ይጎትታል። ሞኒተሩ ውስጥ ኦቨርድራይቭ የሚባል ማስተካከያ አለ። ከፍተኛው ላይ ሲደረግ ጥላው ይጠፋና በምትኩ ነጭ ጠርዝ ይወጣል፤ ፍሬሙ ዝቅ ሲል ደግሞ ይብስበታል። መካከለኛው ላይ ተዉት። ካርቶኑ ላይ ያለው «1 ሚሊሰከንድ» የሚገኘው ደግሞ የጀርባ መብራቱን ብልጭ ድርግም በሚያደርገው ሞድ ብቻ ነው። እሱ ሲበራ ስክሪኑ ይጨልማል፣ ፍሪሲንክም ይጠፋል። አንድም ቀን አልፈለግኩትም።

የጎረቤት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ዘንድሮ ገብቷል፤ አንድ ቅዳሜ መጥቶ አጠገቤ ሲያይ ቆየና «ጋሼ፣ ኢንተርኔቱ ተስተካከለ እንዴ?» አለኝ።

«ኢንተርኔቱ ያው ነው» አልኩት። «የተስተካከለው ስክሪኑ ነው።»

ሁለቱን ሁላችንም «ላግ» ስለምንል ይደባለቃሉ። ኦንላይን ስትጫወቱ ተኩሳችሁ ዘግይቶ ቢደርስ፣ ሰው ከቦታ ቦታ ቢዘል፣ ያ የፒንግ፣ ማለትም መልእክት ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ፣ ጉዳይ ነው። ሰርቨሩ ባሕር ማዶ ነው፣ ሞኒተር አያቀርበውም። ለዚያ ብላችሁ ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አታውሉ።

ፕሌይስቴሽን ላላችሁም እንዲሁ። ፒኤስ 4 የትኛውም ሞኒተር ላይ ከ60 ሄርዝ አያልፍም፣ ተለዋዋጭ ፍጥነትም አያውቅም። ፒኤስ 5 እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ ያውቃል፤ ነገር ግን ኤችዲኤምአይ 2.1 ያለው ስክሪን ይፈልጋል፣ ክልሉም ከ48 እስከ 120 ነው። የእኔ ሞኒተር ይህ መሰኪያ የለውም።

ስለ መብራት በአጭሩ። «የኛ መብራት 50 ሄርዝ ነው፣ 165 አይሸከምም» የሚል ሰው ገጥሞኛል። አይገናኝም። የሞኒተሩ አዳፕተር መብራቱን ወደ ቀጥታ ኃይል ይለውጠዋል፣ ከ100 እስከ 240 ቮልትም ይቀበላል። የሚያሰጋው ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ኃይል ነው። ክረምቱን በሙሉ በስታብላይዘር አሠርቼዋለሁ፣ መብረቅ ሲኖር ደግሞ እነቅላለሁ። እስካሁን ደህና ነው።

ሱቅ ስትሄዱ ክልሉን ሻጩ ላያውቀው ይችላል። የሞኒተሩን ሞዴል ስልካችሁ ላይ ፈልጋችሁ ከኩባንያው መግለጫ አንብቡ። ቤት ወስዳችሁ ስትሰኩት ደግሞ የሞኒተሩን ሜኑ ከፍታችሁ የአሁኑን ፍጥነት የሚያሳየውን ጥግ አብሩት፤ ብዙዎቹ ላይ አለ። ጌም እየተጫወታችሁ ቁጥሩ 71፣ 68፣ 74 እያለ ከተለዋወጠ ሲንኩ እየሠራ ነው። 165 ላይ ድርቅ ካለ ኬብሉን ወይም ሴቲንጉን እንደገና እዩት።