ሉክሶርን ሁለቴ አየሁት፣ አንዴ በፓኬጅ አንዴ ከእማዬ ጋር

አንድ ከተማ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት የተለያየ አገር ያየሁ ያህል የተሰማኝ ሉክሶር ብቻ ነው። ይሄን ሪቪው የምጽፈውም ግብፅ ለመሄድ ብር እያጠራቀማችሁ ያላችሁ ሰዎች የኔን የመጀመሪያ ጉዞ እንዳትደግሙት ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ከሦስት ዓመት በፊት ከጓደኞቼ ጋር በአምስት ቀን ፓኬጅ ነበር፣ የድርጅቱን ስም አልጠራም። ከአዲስ አበባ ካይሮ ቀጥታ በረራው አራት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ድካም የሚባል የለውም፣ ካይሮም ፒራሚዱም ጥሩ ነበር፣ ችግሩ ሉክሶር ላይ መጣ። ሉክሶርን በአንድ ቀን ነው ያስገቡት፣ ሌሊት ከካይሮ በአውሮፕላን ወስደውን ማታ መለሱን፣ ያው ፕሮግራሙ ላይ ሲነበብ ሁሉም ነገር አለ፣ የካርናክ ቤተ መቅደስ አለ፣ የፈርኦኖቹ መቃብር ያለበት የነገሥታት ሸለቆ አለ፣ የንግሥት ሐትሼፕሱት ቤተ መቅደስ አለ። ያልተጻፈው ነገር የአልባስጥሮስ ፋብሪካና የፓፒረስ ሱቅ መኖሩ ነው። ሰዓቴን እያየሁ ነበር፣ ካርናክ 50 ደቂቃ፣ አልባስጥሮስ ፋብሪካው አንድ ሰዓት ከ20። ሻይ እየቀዱልን፣ ድንጋይ እየፈለፈሉ እያሳዩን፣ ዕቃ ካልገዛችሁ አትወጡም በሚመስል ፊት እያዩን። ሐትሼፕሱት ጋ ስንደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ 25 ደቂቃ አላችሁ ፎቶ ተነስታችሁ ኑ ተባልን፣ ተነሳን መጣን። እና አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ሳነብ ግብፆች በጥንት ጊዜ በመርከብ ሄደው እጣን ያመጡበት የፑንት ምድር ሥዕል ያለበት ግድግዳ እዛው ፎቶ ከተነሳሁበት ደረጃ ላይ ወጣ ብሎ በግራ በኩል እንደነበር አወቅኩ። ተንገበገብኩ በቃ፣ ሌላ ቃል የለኝም።

ስለዚ ሁለተኛውን ራሴ አቀድኩት፣ እማዬን ይዤ፣ ዘንድሮ ከገና በኋላ በጥር። ጥርን የመረጥኩት በበጋቸው ሉክሶር ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሄድ ነው፣ በጥር ግን ጠዋት ጋቢ ያስለብሳል፣ ቀን ደግሞ ደስ የሚል ሙቀት ነው። እማዬ መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። «የጣዖት ቤት ላይ ገንዘብ ከምታፈሺ ኢየሩሳሌም ውሰጂኝ» አለችኝ። ኢየሩሳሌምም እንሄዳለን ብዬ ቃል ገብቼ፣ ካይሮ ውስጥ ሙአለቃ የሚባለውን ቤተክርስቲያን እና ቅድስት ቤተሰብ በስደታቸው ያረፉበት ነው የሚባለውን የአቡ ሰርጋን ቤተክርስቲያን አሳይሻለሁ ብዬ ነው ያሳመንኳት። እሱን ተሳልማ ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር፣ ከዛ በኋላ ወደ ፈለግሽበት ውሰጂኝ ሆነ።

ሉክሶር ስንደርስ ያረፍነው በምዕራቡ ዳርቻ በአንድ ትንሽ የቤተሰብ ማረፊያ ነው። ሆቴሎቹ የሚበዙት በምሥራቁ በኩል ነው፣ መቃብሮቹና የመቃብር ቤተ መቅደሶቹ ግን በምዕራብ ናቸው፣ ፀሐይ በምትጠልቅበት በኩል። ምዕራብ ካደራችሁ ጠዋት ከማንም በፊት ትደርሳላችሁ። ወንዙን የምንሻገረው ሕዝቡ በሚጠቀምበት ጀልባ ነበር፣ ርካሽ ነው፣ እና እዛ ጀልባ ላይ የሆነውን ካልነገርኳችሁ አይሆንልኝም። ፊት ለፊታችን የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ እማዬን ትክ ብላ ታያታለች፣ እማዬ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት አላት፣ የድሮ ሰው አይደለች። ሴትዮዋ ዝም ብላ እጅጌዋን ሰብሰብ አድርጋ የእጇን አንጓ አሳየቻት፣ ትንሽዬ ሰማያዊ መስቀል። ኮፕቶች፣ የግብፅ ክርስቲያኖች ማለት ነው፣ እዛ ጋ ነው የሚነቀሱት። አንድ ቃል እንኳን የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም፣ ማዶ እስክንደርስ ድረስ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀመጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ ጋይዱ። በማረፊያው ባለቤት በኩል ነው ያገኘነው፣ የምዕራቡ ዳርቻ ተወላጅ ነው፣ የአስጎብኚነት ፈቃድ ካርዱን አንገቱ ላይ አድርጎ ነው የመጣው (ካርድ የሌለው ሰው ሲመጣባችሁ አትቀበሉ)። ለሁለት ቀን መኪናውን ጨምሮ 130 ዶላር ተስማማን፣ ገና ከመነሳታችን ሱቅ የሚባል ቦታ እንደማንገባ ነገርኩት፣ ሳቀና እሺ አለ፣ ቃሉንም ጠበቀ። ሰውየው ልዩ ነው። ስሙን ሳላስፈቅደው አልጽፍም እንጂ በአደባባይ ባመሰግነው ደስ ይለኝ ነበር።

የነገሥታት ሸለቆ ጠዋት 12 ሰዓት ሲከፈት በሩ ላይ ነበርን። የአውቶቡስ ቱሪስት መግባት የሚጀምረው ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለሆነ ያቺ ሁለት ሰዓት ወርቅ ናት። አንዱ ቲኬት ሦስት መቃብር ያስገባል፣ እኔ ስሄድ 750 የግብፅ ፓውንድ ነበር፣ ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ስትሄዱ አረጋግጡ። የቱታንክሃሙን፣ የቀዳማዊ ሴቲ እና የራምሴስ 6ኛው ለየብቻ ተጨማሪ ቲኬት አላቸው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ጋይዶች መቃብሩ ውስጥ ገብተው ማስረዳት አይፈቀድላቸውም፣ ውጪ ነው የሚያስረዱት። የመጀመሪያው ጉዞ ላይ የነበረው ጋይድ ውጪ ቆሞ ሲጋራ እያጨሰ ግቡና ውጡ ነው ያለን። የአሁኑ ግን ትልቅ አልበም ይዞ ነው የመጣው፣ ጥላ ስር ቁጭ አድርጎን እያንዳንዱን ግድግዳ በፎቶ እያሳየ፣ ሦስተኛው በር ጋ ስትደርሱ ጣሪያውን እዩ፣ የሰማይዋ እመቤት ኑት ፀሐይን ማታ ትውጣለች ጠዋት ትወልዳለች፣ ይሄን እዩ፣ ያንን እንዳታልፉት እያለ። ስንገባ ታዲያ የምናየውን እናውቀዋለን።

ቱታንክሃሙን ጋ ገባን፣ እውነቱን ልንገራችሁ መቃብሩ ትንሽ ነው፣ እ.ኤ.አ በ1922 ሃዋርድ ካርተር ሲያገኘው የነበረው ዕቃ አሁን ካይሮ ነው ያለው፣ እዛ የቀረው ራሱ ልጁ ነው፣ ሬሳው በመስታወት ውስጥ ተኝቷል፣ ጥቁር ትንንሽ እግሮቹ ይታያሉ። እማዬ «ልጅ ነው እኮ» አለችና ነፍስ ይማር ብላ ወጣች። ገንዘባችሁ ከጠበበ ይሄን ትታችሁ ራምሴስ 6ኛው ጋ ግቡ፣ ጣሪያው ብቻውን ይበቃል።

በዋናው ቲኬት ከምትገቡባቸው ከሦስቱ መቃብሮች አንዱን ግን ራምሴስ 4ኛ አድርጉት፣ ወደ መግቢያው ቅርብ ነው፣ ደረጃም አያስቸግርም፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው የሚሆን ነው። እኔ ስለ ደረጃው ብዬ ነበር የመረጥኩት። ገና እንደገባን በቀኝ ግድግዳ ላይ፣ በፈርኦኑ ሥዕልና ጽሑፍ መሀል፣ በቀይ ቀለም የተሠራ ሌላ ሥዕል አለ፣ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ የሚጸልይ ሰው። ኮፕቶች ናቸው የሣሉት፣ ክርስትና እዛ ሀገር ከገባ በኋላ መነኮሳት እነዚህን መቃብሮች እንደ ዋሻ በዓት አድርገው ኖረውባቸዋል፣ በግድግዳው ላይ በቅብጥ ቋንቋ ጸሎትና ስማቸውን ጽፈዋል። ጋይዱ ሙስሊም ነው፣ ውጪ ሲያስረዳን ይሄን እማዬ ታውቀዋለች ብሎ ለብቻዋ ነግሯት ነበር። እማዬ ቆመች። ስንክሳር ሲነበብ ዕድሜዋን ሙሉ የሰማቻቸው እነ አባ እንጦንስ፣ አባ መቃርስ፣ አባ ጳኩሚስ የግብፅ በረሃ ሰዎች እንደሆኑ ታውቃለች፣ ግን በረሃው ይሄ ነው ብሎ ያሳያት ሰው አልነበረም። ነጠላዋን አጣፋች፣ አማተበች፣ ጥበቃው እንኳን መብራት ላብራልሽ ጉርሻ ስጪኝ ማለቱን ትቶ ዞር አለላት። የፈርኦን መቃብር ውስጥ እናቴ ስትጸልይ አየሁ።

የሐትሼፕሱት ቤተ መቅደስ አካባቢው ዴር ኤል ባሕሪ ይባላል። ዴር ማለት ገዳም ነው፣ ኢየሩሳሌም ያለው የኛ ዴር ሡልጣን ላይ ያለው ዴር ራሱ ነው፣ እዚህም ቤተ መቅደሱ ላይ የኮፕት ገዳም ስለነበረ ነው ስሙ የቀረው። ንግሥቲቱ ከ3,500 ዓመት ገደማ በፊት ራሷን ፈርኦን ብላ የነገሠች ሴት ናት፣ በነገሠች በ9ኛው ዓመት መርከቦች ወደ ፑንት ላከች። የፑንት ሥዕሉ ሁለተኛው እርከን ላይ ወጥታችሁ ወደ ግራ ነው፣ ስህተት የለውም። እኛ ጋይዱ ባለን ሰዓት ጠዋት ስለሄድን ብርሃኑ በጎን ገብቶ ቅርጹን አወጣው፣ በእኩለ ቀን ግን የተጠረበው ሁሉ ይጠፋል፣ ለዛ ነው በመጀመሪያው ጉዞ እዛው ቆሜ ግድግዳ ብቻ ያየሁት። በእንጨት ላይ ከፍ ብለው የተሠሩ፣ በመሰላል የሚወጣባቸው ጎጆዎች አሉ፣ ከመርከቡ ስር የቀይ ባሕር ዓሣ ተደርድሯል፣ ኤሊ ሳይቀር፣ የመርከቡ ገመድ ላይ ዝንጀሮ ይንጠላጠላል፣ ሰዎች ደግሞ የእጣን ዛፍ ከነሥሩ በቅርጫት አድርገው በእንጨት ተሸክመው ይሄዳሉ። ፑንት የት እንደሆነ ሊቃውንቱ ብዙ ተከራክረዋል፣ ግብፆች ያመጧቸውና በሙሚ ያቆዩዋቸው ዝንጀሮዎች ላይ የተደረገ ምርመራ ግን ወደኛው አካባቢ፣ ወደ ኤርትራና ኢትዮጵያ ነው የሚያመለክተው። እማዬ ሥዕሉን እያየች ዛፉን ለምን ከነሥሩ ነቀሉት አለችኝ፣ እዚህ ለመትከል ነው ስላት፣ «በቀለላቸው?» አለች። ጋይዱ ጥያቄውን ሲተረጎምለት በጣም ደስ አለው፣ እስከ ዛሬ የጠየቀው ሰው የለም አለ።

ካርናክ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆየን፣ ያኔ በ50 ደቂቃ የተባረርኩበት ቦታ። የአምዶቹ አዳራሽ 134 አምድ አለው፣ የመሀሎቹ 21 ሜትር ገደማ ናቸው። ግን እኔን የያዘኝ የሐትሼፕሱት ሐውልት ነው፣ ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ ወጥ ድንጋይ፣ ከ300 ቶን በላይ፣ ከአስዋን ተፈልፍሎ በዓባይ የመጣ፣ እግሩ ላይ ራሷ በሰባት ወር እንደጨረሰችው አጽፋለች። አክሱም ሄዶ ያየ ሰው እዚህ ሲቆም ዝም ብሎ አያልፍም፣ ልኬቱን በልቡ ያወዳድራል። ማታ የሉክሶር ቤተ መቅደስ በር ላይ ስንደርስ ደግሞ መሆን የነበረባቸው ሁለት ሐውልቶች ናቸው፣ ያለው አንድ ብቻ። ሁለተኛው ለፈረንሳይ በስጦታ ተሰጥቶ ከ1836 እ.ኤ.አ ጀምሮ ፓሪስ አደባባይ ላይ ቆሟል። እማዬ የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም ከሮም ሲመለስ በቴሌቪዥን እያየች አልቅሳ ነበር፣ ባዶውን ቦታ እያየች «እነዚህስ አልጠየቁም?» አለች። ለረጅም ሰዓት እዛ ቆመን ቀረን።

የከፋኝ ነገርም አለ። ቲኬት ቢሮ ብዙ ቦታ ካርድ ብቻ ነው የሚቀበሉት፣ ዶላር በእጄ ይዤ ልመለስ ነበር፣ ከአዲስ አበባ የምትሄዱ ሰዎች ውጭ ሀገር የሚሠራ ካርድ ከባንካችሁ ሳትይዙና ብር ሳትሞሉበት እንዳትሄዱ። ቪዛውም ቀድሞ መያዝ አለበት፣ ጊዜ ስጡት። የመቃብር ጥበቃዎቹ የጉርሻ ጥያቄ ያደክማል፣ ትንንሽ ዝርዝር ያዙ፣ ካልፈለጋችሁ ደግሞ በትሕትና «ላ ሹክራን» (አይ፣ አመሰግናለሁ) ብላችሁ እለፉ። ከካይሮ በሌሊት ባቡር ነው የመጣነው፣ ለኔ ችግር አልነበረውም ለእማዬ ግን ከበዳት፣ ወላጅ ይዛችሁ ከሆነ አንድ ሰዓት የሚፈጀውን በረራ ውሰዱ።

ጋይዱን 10 ከ10 እሰጠዋለሁ፣ ማረፊያውን 8፣ ሙቅ ውሃው ማታ ማታ ስለሚጠፋ። የመጀመሪያውን ፓኬጅ 3፣ እሱም ለበረራው። ሁለት ቀን ለምዕራቡ ዳርቻ፣ አንድ ቀን ለምሥራቁ ስጡ፣ ከዛ በታች ከሆነ ለሌላ ጊዜ አቆዩት። የራምሴስ 4ኛን መቃብር ከሦስቱ መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ እማዬ ከዛ በኋላ ሌላ መግባት አልፈለገችም፣ የቀረችን አንድ መግቢያ ሳትሠራ ቀረች።