ሴንሰሩን ሳይቀይር የኮሮላችንን የብልሽት ኮድ 22 ላጠፋልን ኤሌክትሪሻን ምስጋናና ጥቆማ

ቄራ አካባቢ የሚሠራ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሻን በአደባባይ ማመስገን እንፈልጋለን። የድሮ ኮሮላ ያላችሁ፣ የ«ቼክ ኢንጂን» መብራት አልጠፋ ያላችሁ በተለይ አንብቡት።

መኪናዋ የ1995 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል፣ ባለ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ናት። መብራቱ ይበራል፣ ደግሞ ይጠፋል። ጥቁር ጭስ አለ፣ ካንዴላው ጥላሸት ለብሷል፣ ቤንዚን አይበቃትም። ማሽን የሚሰካበት ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ስለሌላት ብዙ ጋራዥ «ይቺ አትነበብም» ይላል።

ትነበባለች። ኮፈኑ ሲከፈት ክዳን ያላት ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለች። ወንድማችን ቁልፉ እንደተዘጋ ቲኢ1 (TE1) እና ኢ1 (E1) የሚሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኘ። ኤሲውን ዘጋ፣ ማርሽ አወጣ፣ ነዳጅ መስጫውን ሳይነካ፣ ሞተሩንም ሳያስነሳ ቁልፉን ኦን አደረገ። መብራቱ ሁለቴ ብልጭ፣ ትንሽ ፋታ፣ እንደገና ሁለቴ ብልጭ። ኮድ 22፣ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር መስመር ማለት ነው። (ሽቦው ተሳስቶ የባትሪ ኃይል ያለበት +ቢ (+B) ቀዳዳ ላይ ከገባ ፊውዝ ይበላል፤ የክዳኑን ጽሑፍ ሳታነቡ አትሞክሩት።)

እዚህ ላይ ብዙው ሰው መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ወርዶ ሴንሰር ይገዛል። ኮዱ ግን «መስመሩ ላይ ችግር አለ» አለ እንጂ «ሴንሰሩ ሞቷል» አላለም። እሱ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አወጣ። የደህና ሴንሰር ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ ያለው እንቅፋት) ንባብ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ነው። ሞተሩን አሙቆ ሶኬቱን ነቅሎ ሲለካ 300 ኦም፤ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። ሶኬቱን መልሶ ሰክቶ ያንኑ መስመር ሞተሩን ከሚቆጣጠረው የመኪናዋ ኮምፒዩተር በኩል ሲለካው ግን 2,300 ኦም! ሽቦውን በጣቱ ነቅነቅ ሲያደርገው ቁጥሩ ይዘላል። የሶኬቱን ላስቲክ ሲገፈው የውስጡ መዳብ አረንጓዴ ዝገት ወርሶታል።

ጭሱም የመጣው ከዚሁ ነው። ዝገቱ የጨመረው 2,000 ኦም የጋለውን ሞተር ለኮምፒዩተሩ 20 ዲግሪ ያለ አስመሰለው፤ እሱም እንደ ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን አብዝቶ ይሰጣል። ንባቡ ከተፈቀደው ክልል ስላልወጣ መብራቱ ዝም ይላል። መስመሩ ጨርሶ ሲቋረጥ ብቻ ኮድ 22 ይመዘገባል፣ ያኔ ኮምፒዩተሩ በግምት 80 ዲግሪ ይዞ ስለሚሠራ ጠዋት ማስነሳት ይከብዳል። ሁለት የተለያየ በሽታ የሚመስለው አንድ ሽቦ ነበር።

የዛገውን ቆርጦ ጤነኛ መዳብ እስኪያገኝ ገፈፈ፣ አዲስ ሽቦ በሊድ በየደ፣ ውሃ እንዳይገባው ሸፈነ። እንደገና ሲለካ 310 ኦም። የኢኤፍአይ (የነዳጅ መርጫ ሲስተሙን) ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ነቅሎ ግማሽ ደቂቃ ጠበቀና መለሰ። ሽቦዋን ዳግም ሲያገናኝ መብራቱ ያለ ፋታ እኩል ብልጭ ብልጭ አለ፤ ኮድ የለም። በዚህ ሳያበቃ በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነስቶ አየው። ያስከፈለን ለምርመራና ለብየዳ ብቻ ነው።

ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ! ሳትለካ ዕቃ ስለማታስገዛ ብዙ ሰው ወደ አንተ እንልካለን።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን። ወደ እሱ ስትሄዱ ባትሪ አትንቀሉ፤ ኮዱ ተሰርዞ የሚነበብ ነገር ያጣል።