የዘላቂነት ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ ለማን ይሆናል?

የዘላቂነት ሳይንስ ሰዎች ተፈጥሮን ሳያራቁቱ ፍላጎታቸውን እንዴት እንደሚያሟሉ የሚያጠና ትምህርት ነው። በዚህ ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪዬን ጨርሻለሁ፤ ለመመዝገብ የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ የማውቀውን ልጻፍ። እኔ የመጣሁት ከምህንድስና ነው። አብረውኝ የተማሩት ግን የኢኮኖሚክስ፣ የሥነ ሕይወትና የሕግ ምሩቃን ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር በመከራከር ያገኘሁት እውቀት ከመምህራኑ ካገኘሁት አያንስም።

ከሁሉ የወደድኩት የጋራ ሀብት አስተዳደርን ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኙት ኤሊኖር ኦስትሮም የመስኖ ውሃን፣ ግጦሽንና ደንን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንብ አውጥተው፣ ራሳቸው እየተቆጣጠሩ ለረጅም ዘመን ጠብቀው ማቆየት እንደሚችሉ አሳይተዋል። ምርጫው መንግሥት ወይም ገበያ ብቻ አለመሆኑን ስረዳ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ።

የሕይወት ዑደት ትንተናም እጅ ያፍታታል። የአንድን ዕቃ ጉዳት ከጥሬ ዕቃው ጀምሮ እስኪጣል ድረስ ማስላት ነው። የጥጥ ከረጢት ሲመረት ከስስ ፌስታል የበለጠ ውሃና ኃይል ስለሚፈጅ፣ ደጋግመው ካልያዙት ጥቅሙ እንደማይታይ አስልቼ አመንኩ።

ቅር ያሰኘኝ ስታቲስቲክሱ ነው። ሁሉንም ተማሪ ለማዳረስ ሲባል ላይ ላዩን ታለፈ፤ መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ስንደርስ ብዙዎቻችን ተቸገርን። የተባበሩት መንግሥታት ያወጣቸውን 17 የዘላቂ ልማት ግቦች በየኮርሱ መዘርዘሩም ጊዜ ይበላል። ግቦቹ እርስ በርስ ሲጋጩ፣ ለምሳሌ የእርሻ መስፋፋት ደን ሲያስመነጥር፣ እንዴት ይወሰናል የሚለው ላይ ቢቆዩ ይሻል ነበር።

በአንድ ሙያ ጠልቆ መሄድ ለሚፈልግ አልመክረውም። የተለያዩ ሙያዎችን ማገናኘት ለሚወድ ግን ከልቤ እመክራለሁ። ከመመዝገባችሁ በፊት አማካሪዎቹ ከየትኞቹ ትምህርት ክፍሎች እንደሆኑና የመስክ ሥራ መኖሩን ጠይቁ።